ሊፒድንና ኑክሊክ አሲድን ስለ ማስተማር፤ ከመሐል ሜዳ ለቀረበው ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ መምህርት። ካርቦሃይድሬትንና ፕሮቲንን ያለ ችግር የተከታተሉ ተማሪዎችዎ ሊፒድ (የስብና የዘይት ወገን) እና ኑክሊክ አሲድ (ዲኤንኤና አርኤንኤ) ላይ ሲደርሱ ግራ እንደሚጋቡ፣ ቤተ ሙከራዎም ከጥቂት ጠርሙሶች በቀር ባዶ እንደሆነ ገልጸው፣ ከየት መጀመርና መዋቅሩን ምን ያህል ማስጠናት እንደሚሻል ጠይቀዋል። መጀመሪያ ሸዋ ሮቢት፣ ኋላም ደብረ ብርሃን ይህንኑ ትምህርት ስላስተማርሁ፣ የሠራልኝን መንገድ እነግርዎታለሁ። ሁለቱን ርእሶች ለየብቻ ከመያዝ ይልቅ በአንድ ቀላል ሙከራ ማያያዝ ይቻላል ባይ ነኝ።

ግራ መጋባቱ የሚጀምረው ከሰንጠረዡ ይመስለኛል። አራቱን የሕይወት ሞለኪውሎች ደርድረን ለእያንዳንዳቸው «ሞኖመር» (ነጠላው ፍሬ) እና «ፖሊመር» (ከፍሬዎቹ የተሰካው ሰንሰለት) የሚል ዓምድ ስንሰጥ፣ ተማሪው ሊፒድም እንደ ሌሎቹ ረጅም ሰንሰለት ነው ብሎ ያምናል። ስታርችን፣ ፕሮቲንንና ዲኤንኤን በመቁጠሪያ መመሰል ይቻላል፤ ፍሬው በፍሬ ላይ እየተሰካ ይረዝማልና። ስብ ግን እንደዚያ አይደለም፤ አንድ ግሊሴሮል ሦስት ፋቲ አሲዶችን፣ ማለትም ረጃጅም የካርቦን ጭራዎችን፣ ይይዛል፣ ሦስት የውሃ ሞለኪውሎች ይወጣሉ፣ ነገሩም እዚያው ያበቃል። ኮሌስትሮል ደግሞ በቅርጹ ከዚህም ፈጽሞ ይለያል። እነዚህን ሁሉ በአንድ ስም ያሰባሰባቸው በውሃ አለመሟሟታቸው ስለሆነ፣ ሊፒድን ከመዋቅር ሳይሆን ከውሃ ይጀምሩ።

ለመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የካኪ ወረቀት፣ ውሃ፣ የኑግ ዘይትና ትንሽ ቅቤ ይበቃል። ተማሪዎቹ ወረቀቱ ላይ ጠብታ ጠብታ አድርገው ሲያደርቁት የውሃው ምልክት ይጠፋል፣ የዘይቱና የቅቤው ግን ብርሃን የሚያሳልፍ ሆኖ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ቅቤው ለምን እንደረጋ፣ ዘይቱ ለምን እንደሚፈስ ይጠይቋቸው። እዚህ ላይ አገራችን ራሷ ታግዘናለች፦ 2,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ባለችው ደብረ ብርሃን ጠዋት ቅቤ በማንኪያ አልቆረጥ ሲል፣ ቆላ ወርደው ሸዋ ሮቢት ቀትር ላይ ቢያዩት ለስልሶ ይቀልጣል፤ የኑግ ዘይት ግን በሁለቱም ቦታ ፈሳሽ ነው። ከቅቤ ፋቲ አሲዶች ከግማሽ በላዩ ሳቹሬትድ (በካርቦኖቻቸው መካከል ድርብ ቦንድ የሌላቸው) በመሆናቸው ቀጥ ብለው ተጠጋግተው ይደረደራሉ። በኑግ ዘይት ውስጥ የሚበዛው ሊኖሌይክ አሲድ ሁለት ድርብ ቦንዶች ስላሉት ሰንሰለቱ ይጎብጣል፣ መጠጋጋትም ያቅተዋል። የተልባ ዘይት ሦስት ድርብ ቦንዶች ባሉት አልፋ ሊኖሌኒክ አሲድ የበለጸገ ሲሆን፣ አየር ላይ ሲቆይ ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ የሚደርቀውና ለቀለም ሥራ የሚያገለግለው በዚሁ ምክንያት ነው። ቅቤም ሆነ ዘይት የብዙ ፋቲ አሲዶች ድብልቅ መሆኑን ግን ሳይናገሩ አይለፉ፤ አለዚያ ተማሪው ቅቤን ሙሉ በሙሉ ሳቹሬትድ፣ ዘይትን ሙሉ በሙሉ አንሳቹሬትድ አድርጎ ይይዘዋል።

ስለ ኃይል ክምችት አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ አንድ ግራም ስብ 9 ኪሎካሎሪ ገደማ፣ አንድ ግራም ካርቦሃይድሬት 4 ገደማ ይሰጣል። የተረፈውን ጊዜ ለፎስፎሊፒድ ይስጡት። ከሦስቱ ፋቲ አሲዶች በአንደኛው ቦታ ፎስፌት ያለበት ቡድን ሲገባ፣ ሞለኪውሉ ውሃ የሚወድ ራስና ውሃ የሚሸሽ ጭራ ይኖረዋል፤ ውሃ ውስጥም በሁለት ንብርብር ተደርድሮ የህዋስን ሽፋን ይሠራል። ይህን ሥዕል ከሰሌዳው አያጥፉት፣ ወዲያው ይፈለጋልና።

ወደ ኑክሊክ አሲድ የምሻገረው በሙዝ ነው። ግማሽ ሙዝ ይላቁጡና ከግማሽ ብርጭቆ ውሃ፣ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ጨውና ከሁለት የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጋር፣ አረፋ ሳያስነሡ ቀስ ብለው ያማስሉት። ዐሥር ደቂቃ ያህል ካቆዩት በኋላ በስስ ጨርቅ ያጥሉት፤ ከጭማቂው ጥቂት ወደ ጠባብ ብርጭቆ ገልብጠው፣ በመጠን ሁለት እጥፍ የሚሆን ቀዝቃዛ 96 በመቶ አልኮል በብርጭቆው ግድግዳ ላይ በዝግታ ያንቆርቁሩበት። በሁለቱ ፈሳሾች መገናኛ ላይ ነጣ ያለ፣ በእንጨት የሚጠቀለል ክር መሰል ነገር ይወጣል። ማቀዝቀዣ ባይኖርዎትም በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ጠርሙሱን ውጭ ማሳደር ይበቃል። ተማሪዎች ሁልጊዜ አረቄ አይሆንም ወይ ብለው ይስቃሉ። መልሱ ግን ቁም ነገር አለው፤ አረቄ ውሃው ብዙ ስለሆነ ከጭማቂው ጋር ሲቀላቀል ዲኤንኤውን አያረጋውም። አልኮሉ በቀላሉ ስለሚቀጣጠል አጠገቡ እሳት እንዳይኖር ይጠንቀቁ።

አሁን ወደ ሰሌዳው ሥዕል ይመለሱና ሳሙናው ምን እንደሠራ ይጠይቁ። የህዋሱና የኑክሊየሱ ሽፋን ሊፒድ ስለሆነ ሳሙናው በትኖታል፤ ያለፈው ሳምንት ትምህርት የዛሬውን በር የሚከፍተው እዚህ ላይ ነው። ጨውስ? የዲኤንኤ ፎስፌቶች አሉታዊ ሙል ስላላቸው እርስ በርስ ይገፋፋሉ፤ የጨው ሶዲየም ያንን ሙል ሲያቻችለው ሞለኪውሎቹ ተሰባስበው በአልኮሉ ውስጥ ይረጋሉ። ፎስፌት በፎስፎሊፒድም በዲኤንኤም እንዳለ ብዙውን ጊዜ ተማሪ ራሱ ያስተውላል። የሚታየው ክር አንድ ሞለኪውል ሳይሆን፣ ፕሮቲን የተቀላቀለበት የእጅግ ብዙ ሞለኪውሎች ጥቅል መሆኑን ይንገሯቸው። ፍሪድሪክ ሚሸርም እ.ኤ.አ. በ1869 ጀርመን አገር ከቁስል መጠቅለያ ፋሻ ላይ ከተሰበሰበ መግል መጀመሪያ ያገኘው እንዲህ ያለ፣ ቅርጹ ያልታወቀ ነገር ነበር።

መዋቅሩን ከመንገርዎ በፊት በሰው ዲኤንኤ ውስጥ ያሉትን የአራቱን ቤዞች (የዲኤንኤ «ፊደላት») ስብጥር ይጻፉላቸው፦ አዴኒን 30፣ ታይሚን 30፣ ጓኒን 20፣ ሳይቶሲን 20 በመቶ ገደማ። ምን እንዳስተዋሉ ሲጠየቁ ጥንዶቹን ራሳቸው ያገኟቸዋል። ባዮኬሚስቱ ኤርዊን ቻርጋፍ ያስተዋለው ይህንኑ ነው፤ ዋትሰንና ክሪክም እ.ኤ.አ. በ1953 ከሮዛሊንድ ፍራንክሊን ቤተ ሙከራ ከወጣው የኤክስሬይ ምስል ጋር አዛምደው ድርብ ሰንሰለቱን አቀረቡ። ከዚያ አንዱን ሰንሰለት ሰጥተው፣ አዴኒንን ከታይሚን፣ ጓኒንን ከሳይቶሲን እያጣመሩ ተጓዳኙን ያስጽፏቸው። አርኤንኤ ከዚህ በኋላ አጭር ነው፦ ስኳሩ ራይቦዝ፣ በታይሚን ቦታ ዩራሲል፣ አብዛኛውን ጊዜም ነጠላ ሰንሰለት።

መዋቅርን በተመለከተ፣ እኔ የቤዞቹን የቀለበት ቀመር አላስጠናም። ኑክሊዮታይድን በሦስት ክፍሎቹ፣ ማለትም በስኳር፣ በፎስፌትና በቤዝ፣ ስብን ደግሞ በግሊሴሮልና በሦስት ጭራዎች መሣል ከቻሉ ይበቃኛል፤ የፈተና ጥያቄም የማዘጋጀው በዚሁ ልክ ነው።