ጠጠሩ ከወጣ በኋላም ኩላሊት ለምን ይጎዳል?

ጥያቄ፦ በሸዋ ሮቢት አካባቢ በመስኖ ሽንኩርት የማለማ አርሶ አደር ነኝ። ባለፈው ዓመት ጎኔን ሰቅዞ የያዘኝ ሕመም የኩላሊት ጠጠር ሆኖ ተገኘ፤ ጠጠሩም ከሽንት ጋር ወጣ። ሐኪሙ ግን «ቢወጣም ኩላሊትህን ጠብቅ» አለኝ። ጠጠሩ ኩላሊትን የሚጎዳው እየቧጨረ ነው ወይስ ሌላ ምክንያት አለ? ወተትስ ማቆም አለብኝን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ጠጠር ይቧጭራል፤ የሽንትን መንገድ ሲዘጋም ሽንቱ ወደ ኋላ እየገፋ ኩላሊቱን ያስጨንቃል። ነገር ግን ጉዳቱ ጠጠር የሚባል ነገር ከመታየቱ አስቀድሞ ሊጀምር ይችላል።

አብዛኛው ጠጠር ከካልሲየምና ከኦክሳሌት የሚሠራ ነው። ኦክሳሌት ከምግብ የምናገኘው፣ ጉበታችንም የሚያመርተው፣ ሰውነት ስለማይፈልገው በኩላሊት በኩል የሚያስወግደው ንጥረ ነገር ነው። ሽንት ሲወፍር ሁለቱ ተጣብቀው በዓይን የማይታዩ ክሪስታሎች ይሆናሉ። የበዛው ኦክሳሌትና ክሪስታሉ የኩላሊትን ቀጫጭን ቱቦዎች ከውስጥ የሸፈኑትን ሕዋሳት ሲያገኙ፣ ኃይል የሚያመነጩት ማይቶኮንድሪያዎች ይታወካሉ፤ ከኦክሲጅን የሚፈጠሩ ጎጂ ሞለኪውሎችም ከልክ አልፈው የሕዋሱን ሽፋን፣ ፕሮቲንና ዘረመል ያበላሻሉ። ይህን ያሳዩት በአብዛኛው በላቦራቶሪ ሕዋሳትና በአይጦች ላይ የተደረጉ ጥናቶች መሆናቸውን ግን ልብ ይሏል።

የሚያሳስበው ቀጥሎ ያለው ነው። ጤነኛ ሕዋስ ክሪስታልን በቀላሉ አያስጠጋም፤ የተጎዳው ግን በሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ መቀመጥ የነበረበትን ፎስፋቲዲልሰሪን የተባለ ስብ ወደ ውጭ ስለሚገለብጥ ክሪስታሉ ይለጠፍበታል። የተለጠፈው ደግሞ ሌላ ጉዳትና ብግነት ይጠራል፤ ብግነቱ ሲደጋገም ጠባሳ ይተዋል። ጠጠር አንድ ጊዜ የያዘው ሰው ዳግም የሚያዝበት ዕድል ከፍ የሚለው ግን በዚህ ብቻ ሳይሆን፣ በመጀመሪያ ጠጠሩን ያመጣው የሽንት ሁኔታ ሳይለወጥ ስለሚቀርም ነው። አሜሪካዊው ሐኪም አሌክሳንደር ራንዳል በ1937 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ ብዙ ጠጠሮች የሚያድጉት በኩላሊቱ ውስጥ ሽንት በሚወጣባቸው ጫፎች ላይ ከተቀመጠ የካልሲየም ንጣፍ ጋር ተጣብቀው ነው።

ወተት አያቁሙ። ከምግብ ጋር የተወሰደ ካልሲየም ኦክሳሌቱን አንጀት ውስጥ ይዞ ከዓይነ ምድር ጋር ያስወጣዋል፤ ወተትን የሚከለክለው ምክር የቆየ ስሕተት ነው። በጾም ወራት ግን ወተቱ ቀርቶ ኦክሳሌት የሚበዛባቸው ቆስጣና ቀይ ሥር ከገበታ ስለማይጠፉ መጠናቸውን ይቀንሱ፤ ጨውንም እንዲሁ፣ የበዛ ጨው ካልሲየምን ወደ ሽንት ያወጣልና።

ከሁሉም የሚበልጠው ውሃ ነው። በቀን ከ2 እስከ 2.5 ሊትር ሽንት እንዲወጣ የሚያደርግ መጠን ይጠጡ። በቆላ ሐሩር እያላበው የሚውል፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓትም የሚጾም ሰው ከደጋው የደብረ ብርሃን ነዋሪ ይልቅ አብዝቶ መጠጣት ይኖርበታል፤ ሲያፈጥሩ ጀምሮ እስከ መኝታ ከፋፍለው ይጠጡ። የሎሚ ጭማቂም ሲትሬት ስላለው ካልሲየሙን በመያዝ ይረዳል።

ሕመሙ ከተመለሰ ዲክሎፌናክ የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ደጋግመው አይውሰዱ፤ ውሃ ያነሰውን ኩላሊት የበለጠ ይጎዳልና። ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ማለት ከተጨመረበት፣ ወይም ሽንት ከቆመ፣ በዚያው ዕለት ሆስፒታል ይሂዱ።