ኒውክለሱ ጠቁሮ ሎቡ አልለይ ሲልሽ መጀመሪያ ውሃውን ጠርጥሪ

እህቴ የጻፍሽልኝን ሁለቴ አነበብኩት። ዝዋይ አካባቢ ጤና ጣቢያ ላብራቶሪ ውስጥ ነሽ፣ የደም ስሚር፣ ማለትም ስላይድ ላይ በስሱ የተቀባ ደም፣ ስትሰሪ የነጭ ሴሎቹ ኒውክለስ (የሴሉ እምብርት) ሁሉ ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ሎቦቹ፣ ማለትም ክፍልፋዮቹ፣ አንድ ላይ ተለጥፈው ይታዩሻል፣ ቀይ ሴሎቹ ደግሞ ሮዝ በመሆን ፋንታ ግራጫ አረንጓዴ ይመስላሉ፣ ሴሎቹን የምታቀልሚበትን ጊምሳ በአዲስ ቀይረሽም ያው ነው፣ ማይክሮስኮፑ ይሆን ወይ ብለሽ ነው የጠየቅሽኝ።

ማይክሮስኮፑ አይደለም። ሌንስ ሲቆሽሽ ምስሉ ይደበዝዛል እንጂ ቀይ ሴልን አረንጓዴ አያደርግም። እኔ የጠረጠርኩት ውሃሽን ነው። ያ አካባቢ የጉድጓድ ውሃው ባይካርቦኔት የበዛበት ነው፣ ያው ጥርስ የሚያበልዘው ፍሎራይድ ያለበት ውሃ ማለት ነው፣ አንቺ ደግሞ ጊምሳውን በሱ ነው የምትበርዢው፣ ስላይዱንም በሱ ነው የምታጥቢው። እስቲ አሁኑኑ አንድ ስላይድ አንስተሽ ኢኦሲኖፊል የሚባለውን ጥራጥሬ ያለበት ነጭ ሴል ፈልጊ። ጥራጥሬው ብርቱካናማ ከሆነ ተሳስቻለሁ፣ ግራጫ ወይ ሰማያዊ ከሆነ ግን ፒኤቹ (የአሲድነትና የአልካሊነት መለኪያው) ወደ አልካሊ ሄዷል በቃ፣ ሌላ ምንም አትፈልጊ።

ወደ ስራው ከመግባታችን በፊት ሜታኖሉ። በሃይላንድ ነው የምናስቀምጠው ብለሽ ጽፈሻል፣ ዛሬውኑ ከዚያ አውጪው። ጥቂት ጉንጭ ዓይን ያጠፋል፣ ሰውም ይገድላል፣ መልኩም ውሃ ነው። እኔ ድሮ በሰራሁበት ቦታ የጽዳት ሰራተኛዋ ውሃ መስሏት አንስታ አፏ ልታደርስ ስትል ነው የደረስንባት፣ እስከ ዛሬ ትዝ ሲለኝ ይዘገንነኛል። በመጣበት ጠርሙስ ይቀመጥ፣ ሌላ ነገር ላይ ከተገለበጠም በትልቁ መርዝ ተብሎ ይጻፍበት።

ካንቺ በፊት የነበረው ልጅ ነገሩን እንዴት እንዳባባሰው ደግሞ ልንገርሽ። ስቴይኑ (ማቅለሚያው) ደከመ ብሎ የሚቆይበትን ጊዜ ከ10 ደቂቃ ወደ 30 ደቂቃ አሳድጎታል፣ ከዚያ ሲጠቁርበት ሎሚ ጠብ አድርጎበታል ብለሻል። ኧረ እንዲህ አይሰራም! ሎሚ ባፈር፣ ማለትም ፒኤችን አንድ ቦታ አጽንቶ የሚይዝ ሶሉሽን፣ አይደለም፣ ዛሬ አንድ ጠብታ ነገ ሶስት ጠብታ እያልሽ በየቀኑ የተለያየ ቀለም ነው የምታገኚው። እሱ የነካካውን ጊምሳ ድፊው። ያለ ሌብልና ያለ ቀን በትንሽ ጠርሙስ ተገልብጦ የሚሸጠውንም አትግዢ፣ ውስጡ ምን እንዳለ አይታወቅም። ከ1 እስከ 14 የሚያነበው ርካሽ የፒኤች ወረቀትም 6.8ን ከ7.2 አይለይልሽም፣ ከቻልሽ ሜትር ተዋሺ።

አሁን አንድ ነገር ሳላስረዳሽ አላልፍም፣ ይሄ ከገባሽ ስቴይን ዳግም አያስቸግርሽም። አንድ ሴል ውስጥ ያለው ዲኤንኤ ተፈትቶ ቢዘረጋ 2 ሜትር ገደማ ይሆናል፣ እሱ ሁሉ ነው እንግዲህ ከ10 ማይክሮሜትር በማይበልጥ ኒውክለስ ውስጥ የገባው፣ ሂስቶን በሚባሉ ፕሮቲኖች ላይ እየተጠመጠመ፣ ልክ ፈታይ ፈትሏን እንዝርት ላይ እንደምትጠመጥመው። ይሄ ዲኤንኤና ፕሮቲን አንድ ላይ ነው ክሮማቲን የሚባለው፣ ስሙን ያወጣለት ዋልተር ፍሌሚንግ የሚባል ጀርመናዊ ነው እ.ኤ.አ 1880 አካባቢ፣ በግሪክ ቀለም ከሚለው ቃል፣ ቀለም ስለሚይዝ። ለምን ይይዛል? የዲኤንኤው ጀርባ ፎስፌት ነው፣ ፎስፌቱ ኔጋቲቭ ቻርጅ አለው፣ ጊምሳ ውስጥ ያለው አዙር ቢ የሚባል ሰማያዊ ቀለም ደግሞ ፖዘቲቭ ነው፣ ሄዶ ይቀመጥበታል። ኢኦሲን የሚባለው ሮዝ ቀለም ኔጋቲቭ ስለሆነ ሄሞግሎቢንና የኢኦሲኖፊል ጥራጥሬ ላይ ይሄዳል። ያ የምንወደው ሐምራዊ የኒውክለስ ቀለም የሚመጣው ግን አዙሩ ዲኤንኤው ላይ ከተቀመጠ በኋላ ኢኦሲኑም መጥቶ አብሮት ሲያያዝ ነው። ፒኤቹ ከፍ ሲል ፕሮቲኖቹ ፖዘቲቭ ቻርጃቸውን ያጣሉ፣ ኢኦሲኑ የሚይዘው ነገር ያጣል፣ አዙሩ ብቻውን ያገኘው ሁሉ ላይ ይለጠፋል። ያንቺ ስላይድ ይሄ ነው።

ይሄ ደግሞ የማማር ጉዳይ አይደለም። ክሮማቲኑ ጥብቅ ብሎ የተጠመጠመበት ቦታ ጂኑ ዝም ያለበት ነው፣ ላላ ብሎ የተከፈተበት ደግሞ ሴሉ እያነበበው ያለ ነው። ትንሿ ሊምፎሳይት፣ አንዷ የነጭ ሴል ዓይነት፣ ኒውክለሷ የጠቆረው አርፋ ስለተቀመጠች ነው። ብላስት (ገና ያልበሰለ ሴል) ግን ክሮማቲኑ ስስ ነው፣ መሃሉ ላይ ኑክሊዮለስ ይታያል፣ እዚያ ራይቦሶም እየተሰራ በኒውክለሱ ሽፋን ቀዳዳዎች ወደ ውጭ ይላካል፣ ሳይቶፕላዝሙም አርኤንኤ ስለሞላው ሰማያዊ ይሆናል። አንቺ ሁሉንም ካጠቆርሽው ብላስቱን ሊምፎሳይት ብለሽ ቆጥረሽ ታልፊያለሽ፣ የደም ካንሰር ያለበት ልጅ ወደ ቤቱ ሄደ ማለት ነው። ቢ12 ወይ ፎሌት ያጠረው ሰው ላይም ኒውትሮፊል የሚባለው ነጭ ሴል 6 ሎብ ያወጣል፣ ከ2 እስከ 5 ነው ትክክለኛው፣ እሱንም መቁጠር አትችይም።

ስራው እንዲህ ነው። ባፈር ስሪ፦ 1 ሊትር ዲስቲልድ ውሃ፣ 0.7 ግራም ፖታሲየም ዳይሃይድሮጅን ፎስፌት፣ 1 ግራም ዳይሶዲየም ሃይድሮጅን ፎስፌት፣ 7.2 ይሰጥሻል። የሶዲየሙን ጠርሙስ ግን አንብቢ፣ 12 ውሃ ያለበት ዓይነት ከሆነ 1 ግራም ሳይሆን 2.5 ግራም ነው፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ግማሹን ለወባ በ7.2 አስቀምጪው፣ ከዚያ ካወረድሽው ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ነጠብጣብ አይታይሽም። ግማሹን ለሴል ቅርጽ 2 በመቶ የፖታሲየሙን ሶሉሽን ጠብ ጠብ እያደረግሽ ወደ 6.8 አውርጂው። ዲስቲልድ ውሃ ብቻውን ይበቃል እንዳትዪ፣ ሲቀመጥ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስቦ አሲድ ይሆናል፣ ያኔ ደግሞ ኒውክለሱ ገርጥቶ ሁሉም ነገር ሮዝ ይሆንብሻል።

ከዚያ ካንድ ሰው ደም ሶስት ስስ ስሚር ስሪ፣ ደሙ ኢዲቲኤ (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ) ውስጥ ከገባ 2 ሰዓት ሳይሞላው፣ ካደረ ሎቡ ራሱ ይበላሻል። በደንብ ሲደርቅ ሜታኖል ውስጥ 3 ደቂቃ። አንዱን በጉድጓድ ውሃሽ፣ አንዱን በ7.2፣ አንዱን በ6.8፣ ሁሉንም 1 ሚሊ ጊምሳ በ9 ሚሊ፣ ያን ሰዓት የተበረዘ፣ 10 ደቂቃ። ያቀለምሽበትን በዚያው ውሃ እጠቢው፣ በባፈር አቅልመሽ በጉድጓድ ውሃ ካጠብሽ ድካምሽ ሁሉ ከንቱ ነው። ሜታኖሉን ስትጠቀሚ መስኮት ክፈቺ፣ የስፒሪት ላምባውም ይጥፋ፣ ሜታኖል በቀን ብርሃን ሲነድ ነበልባሉ አይታይም፣ እጅሽ ላይ እየነደደ ላታዪው ትችያለሽ።

የ6.8ቱ ስላይድ ላይ ቀይ ሴሉ ሮዝ ሆኖ ሎቡ በቀጭን ክር ተያይዞ ከታየሽ ጨርሰናል። ቀለሙ ተስተካክሎ ቀይ ሴሎቹ ውስጥ ግን የሚያብረቀርቅ ቀዳዳ ቀዳዳ ነገር ካለ ሜታኖሉ ውሃ ገብቶበታል፣ ክዳኑ ተከፍቶ ሲውል ከአየር እርጥበት ይስባል፣ ያኔ አዲስ ጠርሙስ ክፈቺና ሶስቱንም ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። አሮጌውንም ሃይላንድ ውስጥ እንዳታስቀሪው።