ሜዲያሽ ማደር ይሻላል ወይስ ሲጊሾአራ?

እህቴ፣ ከጀርመን ለጥቂት ቀን ሩማንያ ውስጥ ወዳለችው ትራንሲልቫኒያ ልትሄጂ እንደሆነ ጽፈሻል። ሲጊሾአራ ልደር ወይስ ሜዲያሽ፣ ሜዲያሽ ይደብራል አሉኝ ነው ያልሽው። በኔ በኩል ሜዲያሽ እደሪ፤ ሲጊሾአራን በባቡር ደርሰሽ ተመለሺ፤ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ሲጊሾአራ ቆንጆ ናት፣ አልክድም። ግን ቀን ቀን የድራኩላ ቲሸርትና ኩባያ ገበያ ናት። የድራኩላ ታሪክ መነሻ ነው የሚሉት ልዑል ቭላድ ጸፔሽ ተወለደበት የሚባለው ቤት ራሱ ምግብ ቤት ሆኗል። ሜዲያሽ የሩማንያ የተፈጥሮ ጋዝ ሥራ ማዕከል ናት፤ ቱሪስት መጣ ቀረ ጉዳይዋ አይደለም። አደባባዩ ላይ ሽማግሌዎች ወሬያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል፣ ልጆች በብስክሌት ይዞራሉ፣ አንቺን ዞር ብሎ የሚያይ የለም። (እሺ፣ ጥቁር ስለሆንሽ ትንሽ ያዩሻል። በክፋት ግን አይደለም።)

ከአደባባዩ ብዙም ሳትርቂ በግንብ የተከበበ የቅድስት ማርጋሬታ ቤተ ክርስቲያን አለ። ማማው ወደ 70 ሜትር ይጠጋል፣ ጣሪያው ባለ ቀለም ሸክላ ነው። ቀና ብለሽ ስታዪው ዐይንሽ የተሳሳተ ይመስልሻል። አልተሳሳተም፤ ማማው እውነትም ዘሟል። ውስጥ ገብተሽ ግድግዳውን እዪ፤ ከኦቶማን ግዛት በንግድ የመጡ ምንጣፎች ተሰቅለዋል። የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የቱርክ ምንጣፍ! የሳክሶን፣ ማለትም እዚህ የሰፈሩት የጀርመንኛ ተናጋሪዎች፣ ነጋዴዎች እጅ እስከ የት ይደርስ እንደነበር እዚያ ይገባሻል።

ሳክሶኖቹን የጠራቸው በ12ኛው ክፍለ ዘመን የሃንጋሪ ንጉሥ ጌዛ 2ኛ ነው። ብዙዎቹ የመጡት ከራይን ወንዝ አካባቢና ከሉክሰምበርግ ወገን ነው። ኮሚኒዝም ከወደቀበት ከ1989 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በኋላ ደግሞ አብዛኞቹ ወደ ጀርመን ነጎዱ። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያኑ ግዙፍ፣ ምእመኑ ግን ጥቂት ነው።

ቢየርታንን ሳታዪ እንዳትመለሺ። ባቡር አይገባም፤ ከሜዲያሽ ታክሲ ያዢ፣ ቆሞ ለሚጠብቅሽም ሂሳቡን ቀድመሽ ተነጋገሪ። መንደር ነች፣ ግን ከ1572 እስከ 1867 የሉተራን ጳጳስ መቀመጫ ነበረች። በግንብ የተከበበው ቤተ ክርስቲያኗ ውስጥ የንዋያተ ቅድሳቱ ክፍል በር በውስጥ በኩል ብረት በብረት ነው፤ አንድ ቁልፍ ሲዞር በዙሪያው ያሉት መቀርቀሪያዎች ሁሉ አብረው ይንቀሳቀሳሉ። በ1900 ፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ ሄዶ ታይቷል። ግቢው ውስጥ ደግሞ ልንፋታ ነው ያሉ ባልና ሚስት ይቆለፍባቸው የነበረ ክፍል አለ። አንድ አልጋ፣ አንድ ሳህን፣ አንድ ማንኪያ። በ300 ዓመት የተፋቱት አንድ ጥንዶች ብቻ ናቸው ይላሉ። እኔ እንኳ ያስታረቃቸው ፍቅር ሳይሆን የማንኪያው ወረፋ ይመስለኛል።

ስለ ቪዛ፦ ሩማንያ ከጥር 2025 ጀምሮ በየብስም ሙሉ በሙሉ ሼንገን (ያለ ድንበር ፍተሻ የሚዘዋወሩበት የአውሮፓ አገሮች ቀጠና) ውስጥ ናት። የጀርመን መኖሪያ ፈቃድሽንና ፓስፖርትሽን ይዘሽ ሂጂ፣ በቃ።

ጾም ላይ ከሆንሽ አትጨነቂ፤ ሩማንያውያኑም አብዛኞቹ ኦርቶዶክስ ናቸው፣ ይጾማሉ። «ደ ፖስት» በይ፣ ከእንስሳት ተዋጽኦ ነፃ የሆነ ምግብ ያመጡልሻል። የተፈጨ ቦሎቄ በተጠበሰ ሽንኩርት አላቸው፣ «ፋሶሌ ባቱተ» ይሉታል። ሽሮ ለናፈቀው ሆድ ክፉ አይደለም።

ከግንቦት እስከ መስከረም ብትሄጂ ይሻልሻል። በብርዱ ወራት የገጠሮቹ አብያተ ክርስቲያናት ብዙዎቹ ዝግ ናቸው። ዝግ ሆኖ ካገኘሽው ዝም ብለሽ አትመለሺ፤ አንዳንዱ በር ላይ ስልክ ቁጥር ተለጥፏል፣ ካልሆነም ጎረቤት ጠይቂ፣ ቁልፉ ሰፈር ውስጥ ካለ ሰው እጅ አይጠፋም። ቁልፍ ያዧ አሮጊት ሳክሶን ከሆኑልሽ ደግሞ በጀርመንኛሽ ትግባቢያለሽ።