ሳሎኑን ለማስፋት ግድግዳ ላፍርስ?

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ ያለው የአባቴ ቤት የጭቃ ነው። ለጥር ሰርግ በሳሎኑና በመኝታው መሃል ያለውን ግድግዳ ላነሳው አስቤ ነበር። ወንድሜ ግን «ጣሪያው ይወርዳል» ይለኛል።

መልስ፦ ወንድምዎን ቢሰሙት ይሻላል። ለሰርግማ ድንኳን አለ! ካሰቡበት ግን መጀመሪያ ኮርኒሱን ጥግ ላይ ገልጠው በባትሪ ይዩ። የጣሪያው እንጨት ግድግዳው ላይ ካረፈ ተሸካሚ ነው። በሁለቱም ጎን ፑንቴሎ (ጣሪያውን ለጊዜው ደግፎ የሚይዝ እንጨት) ሳይቆም መዶሻ አይነሳም፤ ይህ ደግሞ የአናጢ ሥራ ነው። የባሕር ዛፍ ቋሚ ላዩ ደህና መስሎ ሥሩን ምስጥ ይበላዋል። ከመሬቱ አጠገብ በቢላዋ ወጋ ያድርጉት፤ ከገባ በስብሷል። መብራቱንም ከቆጣሪው ያጥፉ፤ ጭቃ ውስጥ የተቀበረ ሽቦ አይታይም። እኔ ብሆን ጭቃውንና ማገሩን ብቻ አውጥቼ ቋሚዎቹን እተዋቸዋለሁ።