መረጃውን ወስደው ጠፉብን

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲና ማኅበረሰብ አብረው ሲሠሩ ስለሚፈጠር ቅሬታ ናቸው። አራቱን መርጫለሁ።

ጥያቄ፦ ለመመረቂያ ጥናቴ አንድ መንደር ሄድኩ። ሰዎቹ «በፊትም መጥታችሁ ጠይቃችሁን ጠፍታችኋል» ብለው መጠይቁን አንሞላም አሉኝ። የቀድሞዎቹን አላውቃቸውም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ለእነሱ አንቺም ያው ዩኒቨርሲቲው ነሽ። «እኔ አይደለሁም» ማለት አይጠቅምሽም። መጠይቁን ለጊዜው ተይው። የቀድሞው ጥናት የት እንደደረሰ ፈልጊ። ካገኘሽው ዋናውን ነገር በሚናገሩት ቋንቋ አሳጥረሽ ጻፊና ሄደሽ አንብቢላቸው። ያኔ የተናገሩት ነገር ተመልሶ ሲመጣላቸው ወሬው ይቀየራል። ከዚያ «እናንተስ ማወቅ የምትፈልጉት ምንድን ነው?» በያቸው። መልሳቸው የጥናትሽን ጥያቄ ሊቀይረው ይችላል። ይቀይረው! ጊዜ ይወስድብሻል፣ አውቃለሁ። ግን ሰው ሳይወድ የሞላው መጠይቅ ምን ያደርግልሻል? አማካሪሽንም ከአሁኑ አነጋግሪ።

ጥያቄ፦ ለአንድ ጥናት ደም ሰጥተን ነበር። አሁን ለሌላ ጥናት ሊያውሉት ነው ይባላል። ፈርመናል፤ መቃወም እንችላለን?

መልስ፦ ተቃወሙ። በአሜሪካ ግራንድ ካንየን ውስጥ የሚኖሩት ሃቫሱፓይ የተባሉ ነባር ሕዝቦች እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ ለአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደም ሰጥተው ነበር። እነሱ የገባቸው ለስኳር በሽታ ጥናት መሆኑ ነው። ደሙ ግን ስኪዞፍሬኒያ ለተባለው የአእምሮ ሕመም ጥናትም ዋለ። አባቶቻቸው ከየት እንደፈለሱ ለማጥናትም ዋለ፤ ይህ ደግሞ ስለ አመጣጣቸው ከሚያምኑት ጋር ይጋጫል። የፈቃድ ቅጹ ላይ ለሌላ ጥናትም በር የሚከፍት ሰፊ አነጋገር ነበረበት። እነሱም ከሰሱ። እ.ኤ.አ. በ2010 ዩኒቨርሲቲው 700 ሺህ ዶላር ለመክፈልና የቀረውን ደም ለመመለስ ተስማማ። ዩኒቨርሲቲው ከፈለ፣ የተሰበረው ልብ ግን በገንዘብ አይጠገንም።

እናንተ የፈረማችሁበትን ቅጽ ግልባጭ ጠይቁ። ለዩኒቨርሲቲው የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴም በጽሑፍ አመልክቱ። ስማችሁ ከናሙናው ከተነጠለ በኋላ የማን እንደሆነ ለይቶ ማውጣት ስለሚከብድ ዛሬ ነገ አትበሉ።

ጥያቄ፦ የማኅበራችን ሰብሳቢ ነኝ። የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የጥናት ዕቅዳቸውን (ፕሮፖዛል) ለማስገባት ሁለት ቀን ሲቀራቸው የድጋፍ ደብዳቤ ፈርሚ አሉኝ። ልፈርም?

መልስ፦ መጀመሪያ የበጀቱን ገጽ ያሳዩዎት። ለማኅበሩ ሰዎች ሥራ ስንት ተይዟል? መረጃው በማን እጅ ይቀመጣል? ይህን ሳያሳዩ «አጋራችን» ቢሉዎት አይቀበሉ። በደቡብ አፍሪካ የሚኖሩ ሳን የተባሉ ነባር ማኅበረሰቦች እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት የምርምር ሥነ ምግባር ደንብ፣ ጥናቱ ከመጀመሩ በፊት እነሱ አይተው እንዲፈቅዱ ይጠይቃሉ። እርስዎም ይህን ቢጠይቁ ነውር የለበትም። ጊዜው ካለፈ ይለፍ፤ ሌላ ዙር ይመጣል።

ጥያቄ፦ ያገኘሁት ውጤት አብሬያቸው የሠራኋቸውን ሰዎች ያስከፋቸዋል። ልተወው ወይስ ላሳትመው?

መልስ፦ ከመታተሙ በፊት ከእርስዎ አፍ ይስሙት። የተሳሳተ ነገር ካለ ያርሙዎታል፤ እርስዎ ያላዩትን ምክንያትም ሊያሳዩዎት ይችላሉ። አሁንም ካልተስማሙ ሐሳባቸው በራሳቸው ቃል ጽሑፉ ውስጥ ይግባ። አንድ ሰው ተለይቶ የሚታወቅበት ዝርዝር ካለ ያውጡት። ግኝቱን ግን አይንኩት።