ጨጓራ ሲያቃጥል ወደ መርፌ መዞር አያድንም

እህቴ፣ ጥያቄሽ ይህ ነው፦ እናትሽ 64 ዓመታቸው ነው፤ ለደም ግፊት ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ይወስዳሉ። ለጉልበታቸው ዳይክሎፌናክ 50 ሚሊ ግራም በቀን ሁለቴ ከጀመሩ ሦስተኛ ሳምንታቸው ነው። ጨጓራቸውን ስላቃጠላቸው ክኒኑ በመርፌ ይቀየር ወይ? ሌሊት ሲብስባቸውስ አይቡፕሮፌን ይደረብ ወይ?

ሁለቱም አይሆንም። ዳይክሎፌናኩ ራሱ ዛሬውኑ ይቁም፤ ቀስ በቀስ መቀነስ አያስፈልገውም። የግፊቱን መድኃኒት ግን እንዳያቋርጡ።

ብዙ ሰው ጨጓራን የሚጎዳው ክኒኑ እዚያ ስለሚያርፍ ብቻ ይመስለዋል። ዋናው ጉዳት በደም በኩል ነው የሚመጣው። እነዚህ ማስታገሻዎች ሰውነት ፕሮስታግላንዲን የሚባለውን ንጥረ ነገር እንዳይሠራ ያግዳሉ። ጉልበት ላይ ሕመሙንና እብጠቱን የሚያባብሰው እሱ ነው፤ ጨጓራን ከገዛ አሲዱ የሚጋርደውን ዝልግልግ ሽፋን የሚያስመነጨውም እሱ ነው። ስለዚህ በመርፌ ገባ፣ በፊንጢጣ ገባ፣ ሽፋኑ መሳሳቱ አይቀርም።

እኔን ከጨጓራው ይልቅ የሚያሳስበኝ ኩላሊታቸው ነው። ወደ ኩላሊት ማጣሪያ ደም የሚያስገባውን ቧንቧ ከፍቶ የሚይዘው ያው ፕሮስታግላንዲን ነው፤ ዳይክሎፌናክ ሲገባ ቧንቧው ይጠብባል። ኢናላፕሪል ደግሞ የመውጫውን ቧንቧ ያላላል፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ በሽንት ውኃ ያስወጣል። መግቢያው ጠቦ፣ መውጫው ላልቶ፣ ፈሳሹም ጎድሎ ማጣሪያው ግፊት ያጣል። በዚህ ላይ ተቅማጥ ወይም ትውከት ከተጨመረ ኩላሊት በቀናት ውስጥ ሊደክም ይችላል፣ ያውም ያለ ምንም ሕመም። ግፊታቸውም መድኃኒቱን እየወሰዱ ከፍ ሊል ይችላል። በዚህ ሳምንት ሐኪም ዘንድ ወስደሻቸው ክሬቲኒን (ኩላሊት እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳይ የደም ምርመራ)፣ ፖታሲየምና ግፊታቸው ይታይ። እግራቸው ካበጠ ወይም ሽንታቸው ካነሰ ቀጠሮ አትጠብቂ።

መደረቡን በተመለከተ፣ አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክና ናፕሮክሲን የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ሁለቱን አንድ ላይ መውሰድ ጉዳቱን ይደርባል እንጂ ማስታገሱን ያን ያህል አይጨምርም። ስህተቱ የሚፈጠረው የንግድ ስም ስለሚለያይ ነው። የክኒኑን ማሸጊያ ገልብጪና ከትልቁ ስም በታች በትንሹ የተጻፈውን፣ ከሚሊ ግራሙ አጠገብ ያለውን ስም አንብቢ። አንዳንድ የጉንፋን መድኃኒት ውስጥም አይቡፕሮፌን አለ።

እስከዚያው ጉበታቸው ደህና ከሆነ፣ መጠጥ የማያዘወትሩና ክብደታቸው ከ50 ኪሎ በላይ ከሆነ፣ ፓራሲታሞል 500 ሚሊ ግራም ሁለት ፍሬ በየ6 ሰዓቱ ይውሰዱ፤ በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ አይለፍ። ለጉልበት ዳይክሎፌናክ ጄልም ጥሩ አማራጭ ነው፤ ወደ ደም የሚገባው ከክኒኑ ከ10 በመቶ በታች ነው። ቢሆንም የኩላሊቱ ውጤት ከታየ በኋላ ይጀመር። ከተቀባ በኋላ በላስቲክ አይጠቅለል፣ ሙቅ ነገርም አይደረግበት።

ሐኪሙ አመዛዝኖ ክኒኑን መልሶ ካዘዘ፣ በትንሹ መጠን ለጥቂት ቀናት ይሁን። ኦሜፕራዞል 20 ሚሊ ግራም ከቁርስ 30 ደቂቃ በፊት አብሮ ቢታዘዝ ጨጓራን ይጠብቃል፤ ለኩላሊት ግን ምንም አያደርግም። ምግብ በልቶ መዋጥም ማቃጠሉን ቢያበርድ እንጂ ቁስለትን አይከለክልም። አንጀት ላይ እንዲሟሟ የተሸፈነውን ክኒን አትሰባብሪባቸው። ለልብ አስፕሪን ወይም ደም ማቅጠኛ ዋርፋሪን የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ አስቀድመሽ ንገሪው፤ የመድማት አደጋው በጣም ይጨምራል።

ቁስለት ሳያቃጥል በድንገት ሊደማ ስለሚችል የማቃጠሉ መጥፋት አያዘናጋሽ። ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ጠቁሮ የሚያጣብቅና የሚከረፋ ከሆነ (የብረት ክኒንም ያጠቁራል፣ ግን እንዲህ አያጣብቅም)፣ የቡና አተላ የመሰለ ካስመለሳቸው፣ ደረታቸውን ከወጋቸው ወይም አፋቸው ከተያዘ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነማሸጊያው ያዥ።