ሲዲኤል ካለህ «እዚህ ስቴት ተፈቅዷል» አያድንህም

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። ኮሎራዶ ሆነህ ሲዲኤል (የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ) ለማውጣት እየተማርክ ነው፤ «ማሪዋና እዚህ ሕጋዊ ነው፣ በእረፍት ቀኔ ባጨስ ምን አለበት?» ብለሃል። እኔ ዘጠኝ ዓመት ትራክ ነድቻለሁ። እባክህ አታጭስ።

የፈቀደልህ ስቴቱ ነው። ሲዲኤል ያለው ሰው ግን የሚመረመረው በፌደራል ሕግ ነው፤ እዚያ ደግሞ ማሪዋና ክልክል ነው። ቢራ በማግስቱ ከሰውነትህ ይወጣል። ማሪዋና አዘውትሮ ለሚያጨስ ሰው ሽንቱ ውስጥ ሳምንታት ይቆያል። ቅዳሜ አጭሰህ ሐሙስ በራንደም፣ ማለትም በዕጣ ለሚደረግ ድንገተኛ ምርመራ፣ ብትጠራ፣ «ዛሬ እኮ ደህና ነኝ» ብትል የሚሰማህ የለም።

አብሮኝ ይሠራ የነበረ ልጅ የደረሰበት ይኸው ነው። ጠዋት ጭነት ልንይዝ ቆመን ዲስፓቸሩ (ሥራ የሚመድበን ሰው) «አንተ ዛሬ ለምርመራ ሂድ» አለው። ቡናውን እንደያዘ ፊቱ ተለዋወጠ። ፖዘቲቭ ወጣ። ከ2020 ጀምሮ ፌደራል ክሊሪንግሃውስ የሚባል፣ ምርመራ የወደቁ ሾፌሮች የሚመዘገቡበት መዝገብ አለ፤ ስሙ እዚያ ገባ። ሌላ ድርጅት ልቀጠር ቢል ሁሉም ያንን ያያል። ለመመለስ ባለሙያ ይገመግምሃል፣ ያዘዘልህን ትጨርሳለህ፣ እንደገና ትመረመራለህ። ሥራ ከጀመርክም በኋላ በመጀመሪያው ዓመት ቢያንስ 6 ጊዜ ድንገት ትጠራለህ። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ነበረች። ወራት ያለ ደሞዝ ተቀመጠ።

መንገድ ላይ ፖሊስ ቢያስቆምህስ? ኮሎራዶ ውስጥ በአንድ ሚሊሊትር ደም 5 ናኖግራም ቲኤችሲ (ማሪዋና ውስጥ ያለው አስካሪ ነገር) ከተገኘ፣ ፍርድ ቤት «በዕፅ ተጽዕኖ ሥር ነበር» ብሎ መገመት ይችላል። ከዚያ ቢያንስም አነዳድህና ሁኔታህ ታይቶ ልትከሰስ ትችላለህ። ደም አልሰጥም ካልክ ለመጀመሪያ ጊዜም ቢሆን መንጃ ፈቃድህን ለ1 ዓመት ይወስዱታል። ዲዩአይ (ጠጥቶ ወይም ዕፅ ወስዶ መንዳት) ከተፈረደብህ ደግሞ፣ በራስህ መኪና ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ የተያዝክ ብትሆን እንኳ፣ ሲዲኤልህ ለ1 ዓመት ይታገዳል። በሁለተኛው ለዕድሜ ልክ ነው።

ጫትንም «ቅጠል ነው» ብለህ እንዳትንቀው። ውስጡ ያለው ካቲኖን በፌደራል ሕግ ከሄሮይን ጋር በአንድ መደብ ነው የተቀመጠው።

እኔን ራሴን ሊገድለኝ የነበረው ግን የጉንፋን መድኃኒት ነው። ማታ የሚወሰደውን ጠዋት ውጬ ወጣሁ። ሊሞን የምትባል የኮሎራዶ ከተማ አካባቢ ጎማዬ የአስፋልቱን ዳር ሻካራ መስመር ሲመታ፣ በዚያ ጩኸት ነቃሁ። አጠገቤ ቤተሰብ የጫነች ትንሽ መኪና ነበረች። ሕጉ ከፋርማሲ የተገዛ መድኃኒት ነው ብሎ አይምርህም፤ በደህና መንዳት እንዳትችል ካደረገህ ዲዩአይ ነው። ከዚያ ወዲህ ፋርማሲስቱን «ትራክ ነው የምነዳው» ሳልለው አንድ ክኒን አልውጥም።